ከሲሲ እስከ ሜትር ኩብ፦ የይዘት መለኪያዎችን ሳይሳሳቱ መቀየር

ቶሮንቶ ውስጥ ጄን ኤንድ ፊንች አካባቢ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ሳያስበው በየቀኑ ይዘት ሲለካ ይውላል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት በሊትር ነው፤ የልጅ የትኩሳት መድኃኒት በሚሊ ሊትር፤ የውሃ ቢል በሜትር ኩብ። ወደ አገር ቤት የሚላክ ካርቶን በሳንቲ ሜትር ተለክቶ በሜትር ኩብ ይከፈልበታል። አዲስ አበባ ቤት የጀመረ ሰው ደግሞ ስለ አሸዋና ስለ ኮንክሪት በስልክ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ "ስንት ኪዩብ?" ነው። አንዱን ወደ ሌላው መቀየር ሲያስፈልግ አብዛኞቻችን ስልካችንን እናወጣለን። ስልኩ ይመልሳል፤ ነገር ግን ጥያቄውን አሳስተው ከጻፉለት ስህተቱንም አስልቶ ያቀርብልዎታል። መልሱን አይቶ "ይሄ ሊሆን አይችልም" ለማለት የሚያበቃ መሠረት ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለዚያ ነው።

በሜትሪክ ይዘት ቅየራ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ብዙ ቢመስሉም ምንጫቸው ሁለት ነው። አንደኛው የሊትርን መስመርና የኩብን መስመር ማደባለቅ ነው። ሁለተኛው ይዘትንና ክብደትን እንደ አንድ መቁጠር። ከእነዚህ ከሁለቱ ራሱን የጠበቀ ሰው የሚቀረው የአስርዮሽ ነጥብ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ በየትኛው መስመር ላይ እንዳሉ ይወቁ

የሊትር መስመር ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረደር እንዲህ ነው፦ ኪሎ ሊትር፣ ሄክቶ ሊትር፣ ዴካ ሊትር፣ ሊትር፣ ዴሲ ሊትር፣ ሳንቲ ሊትር፣ ሚሊ ሊትር። እያንዳንዱ ከሚቀጥለው በ10 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ሲሄዱ ነጥቧ አንድ ቤት ትንቀሳቀሳለች። ከሊትር እስከ ሚሊ ሊትር ሦስት እርምጃ ስለሆነ 1 ሊትር 1,000 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከሰባቱ ውስጥ በኑሮ የምንገለገልባቸው ሊትርና ሚሊ ሊትር ናቸው። ሳንቲ ሊትርን ከአውሮፓ በመጣ ጠርሙስ ላይ ያገኙታል፤ 75 ሳንቲ ሊትር የተባለ ወይን እዚህ 750 ሚሊ ሊትር ተብሎ የሚሸጠው ነው። ሄክቶ ሊትር፣ ማለትም 100 ሊትር፣ የቢራ ፋብሪካዎች ምርታቸውን የሚቆጥሩበት ነው። ዴሲ ሊትር የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ስለሚመጣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የኩብ መስመር አጭር ነው፦ ሜትር ኩብ፣ ዴሲ ሜትር ኩብ፣ ሳንቲ ሜትር ኩብ፣ ሚሊ ሜትር ኩብ። እዚህ ግን አንድ እርምጃ 10 ሳይሆን 1,000 እጥፍ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኩብ ርዝመትም፣ ወርድም፣ ቁመትም አለው። 1 ሜትር 10 ዴሲ ሜትር ከሆነ አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 10 ጊዜ 10 ጊዜ 10፣ ማለትም 1,000 ዴሲ ሜትር ኩብ ይገባል። 1 ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ 100 ጊዜ 100 ጊዜ 100፣ ማለትም 1,000,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። "ሜትር መቶ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሜትር ኩብም መቶ ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው" የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ሆኖም 100 ሳንቲ ሜትር ኩብ የሻይ ብርጭቆ እንኳ የማይሞላ ፈሳሽ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ግን ልጅ ገብቶ የሚቆምበት ሳጥን ነው። ቁጥሩ ካላሳመነዎት ዕቃውን በዓይነ ሕሊናዎ ይዩት።

2. ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኘውን ይያዙ

በቃል መያዝ ያለባቸው ሦስት እኩልታዎች ብቻ ናቸው። 1 ሊትር 1 ዴሲ ሜትር ኩብ ነው። 1 ሚሊ ሊትር 1 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው።

ሁለተኛውን ያውቁታል፤ ክሊኒክ ውስጥ "5 ሲሲ" የሚባለው መርፌ፣ ሞተር ሳይክል ሲገዛ "125 ሲሲ" የሚባለው ሞተር፣ ሲሲ ማለት ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ 5 ሲሲ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ 1.8 ሊትር የተባለ የመኪና ሞተርም 1,800 ሲሲ ነው።

የመጀመሪያው እኩልታ ሁልጊዜ እንዲህ ንጹህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ ሊትር የሚተረጎመው 1 ኪሎ ግራም ንጹህ ውሃ በሚይዘው ቦታ ነበር፤ ይህም ከዴሲ ሜትር ኩብ በጥቂት መቶ ሺህኛ ይበልጥ ነበር። በ1964 የክብደትና የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ ያን ትርጉም ሽሮ ሊትርን ከዴሲ ሜትር ኩብ ጋር በትክክል እኩል አደረገው። አሁን ያለ አንዳች ስጋት እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ልጅ ካለዎት ከወፍራም ካርቶን ጎኑ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክዳን የሌለው ሳጥን ይሥሩ። ውስጡን በላስቲክ ይሸፍኑና ከ1 ሊትር ጠርሙስ ውሃ ይገልብጡበት። ልክ አፉ ድረስ ይሞላል። ይህን ያየ ልጅ እኩልታውን አይረሳም።

3. ሁልጊዜ በሊትር በኩል ይለፉ

ወደ ትንሽ መለኪያ ሲሄዱ ቁጥሩ ይበዛል፤ ስለዚህ ያባዛሉ። ወደ ትልቅ መለኪያ ሲሄዱ ቁጥሩ ያንሳል፤ ስለዚህ ያካፍላሉ። የትኛው እንደሆነ ግራ ከገባዎት "ከዚህኛው ዕቃ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት ነው የሚያስፈልገኝ?" ብለው ይጠይቁ።

እኔ የምመክረው መንገድ ይህ ነው፤ ከየትኛውም መለኪያ ተነስተው ወደ የትኛውም ቢሄዱ መጀመሪያ ወደ ሊትር ይቀይሩ፤ ከዚያ ከሊትር ወደሚፈልጉት። ለምሳሌ 0.35 ሜትር ኩብ ስንት ሚሊ ሊትር ነው? በ1,000 ሲባዛ 350 ሊትር። እንደገና በ1,000 ሲባዛ 350,000 ሚሊ ሊትር። በአንድ ጊዜ ስድስት ቤት ከመዝለል በሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ቤት መሄድ ይሻላል፤ መሐል ላይ በሊትር ሲቆሙ መልሱን በዓይንዎ ይገምቱታልና።

ለግምት የሚሆኑ ዕቃዎች ቤትዎ ሞልተዋል። የመለኪያ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የመለኪያ የሾርባ ማንኪያ 15፣ የካናዳ የመለኪያ ኩባያ 250 ነው። ግማሽ ሊትር ትንሿ ሃይላንድ ናት። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ እንግዲህ 50 ጀሪካን አንድ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከላይ ያገኘነው 350 ሊትር ከ17 ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ስሌትዎ አንድ የጫማ ካርቶን 40 ጀሪካን ውሃ እንደሚይዝ ካሳየዎት ነጥቧ ቦታዋን ስታለች።

4. ግሮሰሪ ውስጥ

ኦንታሪዮ ውስጥ ወተት በከረጢት ይሸጣል። 4 ሊትር የተባለው ትልቅ ከረጢት ውስጡ ሦስት ትናንሽ ከረጢቶች አሉት። 4 በ3 ሲካፈል እያንዳንዱ 1.33 ሊትር፣ ማለትም 1,333 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አዲስ የመጣ ሰው አንዱን ከረጢት 1 ሊትር ነው ብሎ ስለሚገምት ለእርጎም ሆነ ለገንፎ የሚጨምረው ወተት በሲሶ ይበልጥበታል። 1 ሊትር ብቻ ከፈለጉ ከአንዱ ከረጢት አራት የካናዳ ኩባያ ቀድተው ያውጡ፤ የሚተርፈው አንድ ኩባያ ከሲሶ ነው።

ኩባያ ስል የካናዳውን ነው። የአሜሪካ የምግብ አዘገጃጀት የሚያወራበት ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በአንድ ኩባያ የ13 ሚሊ ሊትር ልዩነት ምንም አይደለም፤ በስምንት ኩባያ ግን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ይሆናል፤ ሊጡም ይህን ያውቃል።

መደርደሪያ ላይ 355፣ 473፣ 591 ሚሊ ሊትር፣ የመኪና መስታወት ማጠቢያው ላይ ደግሞ 3.78 ሊትር የሚሉ እንግዳ ቁጥሮች ያያሉ። እነዚህ የአሜሪካ ኦውንስና ጋሎን በሜትሪክ ልብስ የመጡ ናቸው፤ 3.78 ሊትር አንድ የአሜሪካ ጋሎን ነው። ካናዳ ወደ ሜትሪክ ለመሸጋገር እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ የመንግሥት ሰነድ ወስና፣ በሚያዝያ 1975 የአየር ጠባይ ዘገባውን ወደ ሴልሺየስ ከመቀየር ጀምሮ አገሪቱን ደረጃ በደረጃ ብታሸጋግርም ደቡብ ጎረቤቷ አልተከተላትም፤ ቁጥሮቹም እንዲህ ሆነው ቀሩ። ከ1970ዎቹ በፊት ያደጉ ካናዳውያን "ጋሎን" ሲሉ ደግሞ የእንግሊዙን 4.546 ሊትር ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጋሎን የሚል ቃል ሲሰሙ የማን ጋሎን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀይሩ።

ሌላ የካናዳ ነገር አለ። የዕቃ ጽሑፍ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ የአስርዮሽ ነጥብ በኮማ ይጻፋል። "1,89" ካዩ አንድ ሊትር ከ890 ሚሊ ሊትር ማለት ነው እንጂ 189 አይደለም።

ዋጋ ለማወዳደር ሁለቱንም ወደ 100 ሚሊ ሊትር ያምጧቸው። 1.89 ሊትር ጭማቂ 5.67 ዶላር ቢሆን፣ 1,890 ሚሊ ሊትር ውስጥ 18.9 መቶዎች አሉ፤ 5.67 ሲካፈል ለ18.9 ለመቶው 30 ሳንቲም ይመጣል። 1.5 ሊትሩ 4.20 ዶላር ከሆነ ለመቶው 28 ሳንቲም ነው። ትንሹ ጠርሙስ ረከሰ።

5. የውሃ ቆጣሪ

የቶሮንቶ የውሃ ቆጣሪ በሜትር ኩብ ይቆጥራል፤ አዲስ አበባም እንደዚያው ነው። በፎቅ አፓርታማ የሚከራይ ሰው ቢሉን ላያየው ይችላል፤ የራሱ ታውን ሃውስ ያለው ግን በየጊዜው ይደርሰዋል። ቢሉ ከወትሮው ከበዛብዎ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ ይለኩት። የመለኪያ ኩባያ ከሥሩ ያስቀምጡና ሰዓት ይያዙ። 250 ሚሊ ሊትሩ በ10 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት ስድስት ኩባያ፣ ማለትም 1,500 ሚሊ ሊትር ወይም 1.5 ሊትር ነው። በ24 ሰዓት 36 ሊትር። በ30 ቀን 1,080 ሊትር። በ1,000 ሲካፈል 1.08 ሜትር ኩብ። ኩባያ የማይሞላ የመሰለ ጠብታ በወር 54 ጀሪካን ውሃ አፍስሷል።

6. ካርቶንና ግንባታ

ጄን ኤንድ ፊንች የካሪቢያን ጎረቤቶቻችን ሰማያዊ በርሜል ሞልተው ወደ አገራቸው የሚልኩበት ሰፈር ነው፤ እኛም ካርቶንና ሻንጣ እንልካለን። የባሕር ጭነት በሜትር ኩብ ስለሚታሰብ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ይለኩ። ሦስቱንም ጎን በሳንቲ ሜትር ይውሰዱ፤ ካርቶኑ ካበጠ ያበጠበትን ቦታ ይለኩ፤ ጫኙም የሚለካው እዚያ ላይ ነው።

60 በ50 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 120,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይወጣዋል። በ1,000 ሲካፈል 120 ሊትር፤ እንደገና በ1,000 ሲካፈል 0.12 ሜትር ኩብ። እንዲህ ያሉ ስምንት ካርቶኖች 0.96 ሜትር ኩብ ስለሚይዙ አንድ ሜትር ኩብ አይሞሉም። በአውሮፕላን ጭነት ሲላክ ሌላ ስሌት ይመጣል፤ የተለመደው አሠራር ሳንቲ ሜትር ኩቡን ለ6,000 አካፍሎ "የይዘት ክብደት" ማውጣት ነው። የእኛ ካርቶን 20 ኪሎ ይሆናል። ውስጡ ያለው ልብስ 11 ኪሎ ብቻ ቢመዝን የሚከፍሉት ለ20 ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ለ5,000 ስለሚያካፍሉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ያኔ 24 ኪሎ ይሆናል።

አገር ቤት ቤት የሚያሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ገንዘብ የሚያጣው በአሸዋ ነው። መኪናው "16 ኪዩብ" ነው ቢባል ቦታው ላይ ያለ ዘመድዎ ሜትር ይዞ የጭነት ሳጥኑን ውስጡን ይለካ፤ አሸዋው እስከሚደርስበት ቁመት ድረስ ብቻ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 2.3፣ የአሸዋው ከፍታ 1.2 ሆኖ ከተገኘ ይዘቱ 13.8 ሜትር ኩብ ነው። የጎደለው 2.2 ሜትር ኩብ 2,200 ሊትር፣ 110 ጀሪካን አሸዋ ነው። ዘመድዎ ቁጥሮቹን በጽሑፍ ይላክልዎትና ቶሮንቶ ሆነው ያባዟቸው።

ኮንክሪት በሳጥን ሲለካም እንደዚሁ ነው። 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመለኪያ ሳጥን 40,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 40 ሊትር ይይዛል። 25 ሳጥን አንድ ሜትር ኩብ ነው። ቁመቱ 20 ሳይሆን 18 ከሆነ ግን 36 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ 25 ሳጥን 0.9 ሜትር ኩብ ላይ ይቆማል። ሁለት ሳንቲ ሜትር እንዲህ ያደርጋል።

ልጆች የሕዳሴ ግድብን ለትምህርት ቤት ሲያጠኑ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚለውን ቁጥር ያገኛሉ። 1 ኪሎ ሜትር ኩብ 1,000 ጊዜ 1,000 ጊዜ 1,000፣ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሆነ ሐይቁ ሲሞላ 74 ኪሎ ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በሊትር 74 ትሪሊዮን ነው። ከቢሊዮኖች ጋር ከመታገል 74 ኪሎ ሜትር ኩብ ማለት ለልጅ ይቀላል።

7. ይዘት ክብደት አይደለም

ሊትርና ኪሎ እኩል የሚሆኑት ለውሃ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ያህል፣ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህ በራሱ ጠቃሚ ነው፤ ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ የሚያስቀምጥ ሰው ሲሞላ ሁለት ቶን ጭኖ እንደሆነ ይወቅ፤ መሐንዲሱንም ይጠይቅ። ለሌላ ነገር ግን እኩልታው ይፈርሳል።

ማር እንውሰድ። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ጠጅ ሲጣል አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ የሚባለው በይዘት ነው፤ ካናዳ ውስጥ ማሩ የሚሸጠው ግን በኪሎ ነው። 3 ኪሎ ማር ገዝተው "ሦስት ሊትር ነው" ብለው 9 ሊትር ውሃ ቢጨምሩበት ብርዙ ይቀጥናል። ትክክሉ እንዲህ ነው፦ 3 ሲካፈል ለ1.4፣ 2.1 ሊትር ማር። ሦስት እጁ 6.4 ሊትር ያህል ውሃ። ጌሾው ሳይቆጠር 8.5 ሊትር ስለሚሆን የ10 ሊትር ዕቃ ይበቃዎታል፤ ሲፈላ ለሚነሳውም ቦታ ይተርፋል።

በዚህች አገር ታሪክ ይዘትንና ክብደትን ማደባለቅ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ የታወቀ አደጋ አለ። በሐምሌ 23 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ በረራ 143 ከሞንትሪያል ተነስቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ይሄድ ነበር። አውሮፕላኑ አዲስ ቦይንግ 767 ሲሆን ነዳጁ በኪሎ ግራም የሚታሰብ ነበር። የነዳጅ ጌጁ ስለማይሠራ ታንኩ ውስጥ ያለው በእጅ ተለካና 7,682 ሊትር ተገኘ። ለጉዞው የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ግራም ነው። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመቀየር የተጠቀሙበት ቁጥር 1.77 ነበር፤ ይህ ግን የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው። በኪሎ ግራም 0.8 ያህል ነው። በዚህ የተነሳ ታንኩ ውስጥ 13,600 ኪሎ ያህል ያለ መስሏቸው የጨመሩት 5,000 ሊትር እንኳ አልሞላም፤ መጨመር የነበረበት ግን 20,000 ሊትር ያህል ነበር። አውሮፕላኑ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ እያንሸራተቱ ማኒቶባ ውስጥ ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት፤ ተሳፍረው የነበሩት 69 ሰዎች በሕይወት ተረፉ። ስሌቱ በተደጋጋሚ ታይቶ ነበር፤ ማባዛቱ ላይ ስህተት አልነበረምና አልፏል። ስህተቱ ከቁጥሩ ጎን ያለው መለኪያ ላይ ነበር። ለዚህ ነው በየመስመሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም ይጻፉ የምለው።

8. የልጅ የቤት ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የኦንታሪዮ የሂሳብ ሥርዓተ ትምህርት ልጆች በ6ኛ ክፍል ሊትርና ሚሊ ሊትርን ይቀያይራሉ፤ በ7ኛ ክፍል የሚሊ ሊትርንና የሳንቲ ሜትር ኩብን ዝምድና ይማራሉ። በአማርኛ የተማሩ ወላጅ ከሆኑ ዕውቀቱ አለዎት፤ እንግሊዝኛው አያስፈራዎት። ፊንች ጎዳና ላይ ያለው የዮርክ ውድስ ቤተ መጻሕፍት ልጁን ይዞ ሄዶ አብሮ ለመቀመጥ ምቹ ነው።

9. የጤና ነገር፦ እዚህ ላይ አይቸኩሉ

ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ እናት የስኳር ምርመራ ወረቀታቸው ላይ 180 ይላል። እዚህ ሲለኩ 10 ይወጣል። ስኳራቸው አልወረደም፤ መለኪያው ተቀይሮ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የደም ስኳር የሚጻፈው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ባለ ሚሊ ግራም ነው፤ ካናዳ በአንድ ሊትር ውስጥ ባለ ሚሊ ሞል ትጽፋለች። ስሌቱን ከሥሩ እንየው። ሊትር 10 ዴሲ ሊትር ስለሆነ በዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም፣ በሊትር 1,800 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሚሊ ሞል ግሉኮስ 180 ሚሊ ግራም ይመዝናል። 1,800 ሲካፈል ለ180፣ 10። ባጭሩ የአገር ቤቱን ቁጥር ለ18 ያካፍሉ፤ የካናዳውን በ18 ያባዙ። 126 የነበረው 7 ይሆናል። 18 የሚሠራው ለስኳር ብቻ ነው፤ ለኮሌስትሮልም ለሌላም አይጠቀሙበት።

በመጨረሻ የልጅ መድኃኒት። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት በሚሊ ግራም ነው፤ እርስዎ የሚቀዱት ግን በሚሊ ሊትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጥንካሬ ነው። ካናዳ ውስጥ የልጆች የታይለኖል (የፓራሲታሞል) ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ሲይዝ፣ ለጨቅላዎች የሚሸጠው ጠብታ በ1 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሁለቱንም ወደ 1 ሚሊ ሊትር ያምጧቸው፤ 32 እና 80። ትንሿ ጠርሙስ ሁለት ተኩል እጥፍ ትበረታለች። ለልጁ 160 ሚሊ ግራም ከታዘዘ ከሽሮፑ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከጠብታው 2 ሚሊ ሊትር ነው። "ሁልጊዜ 5 ነው የምሰጠው" ብሎ ከጠብታው 5 የቀዳ ሰው 400 ሚሊ ግራም ሰጥቷል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ነው፤ እሱም ሌላ ስሌት ይፈልጋል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ የሚሊ ሊትር ቁጥር ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው አያሻግሩ።

የወጥ ቤት ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ መጠኑ ከማንኪያ ማንኪያ ይለያያል። ፋርማሲ መርፌ የሌለው የመድኃኒት መጠጫ ሲሪንጅ አለ፤ ይጠይቁ። መድኃኒቱን ሲስቡ የአየር አረፋ ካለ ወደ ጠርሙሱ መልሰው እንደገና ይሳቡ፤ መጠኑን የሚያነቡትም የመግፊያው ጥቁር ላስቲክ ከፊት በኩል መስመሩን በሚነካበት ነው። ለሌላ ሰው ሲጽፉ ግማሽ ሚሊ ሊትርን "0.5" ይበሉ እንጂ ዜሮውን ትተው ".5" አይበሉ፤ ነጥቧ ካልታየች አምስት ትሆናለች። አምስትንም "5.0" ብለው አይጻፉ፤ ሃምሳ ተብላ ትነበባለች።

የተቅማጥ ዱቄት፣ አገር ቤት ለምለም የምንለው፣ ለ1 ሊትር ውሃ የተዘጋጀ አለ፤ ለ200 ሚሊ ሊትር የተዘጋጀም አለ። የ1 ሊትሩን በአንድ ኩባያ መበጥበጥ ልጅን ይጎዳል። ከመበጥበጥዎ በፊት ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ 1 ሊትር ከሆነ አራት የካናዳ ኩባያ ነው።

ስሌቱ ካጠራጠረዎት ጠርሙሱን ይዘው ፋርማሲስቱ ዘንድ ይሂዱ፤ ምክሩ በነጻ ነው። ከመጠን በላይ ሰጥተው እንደሆነ ከተጠራጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። የካናዳ የመመረዝ ማዕከል ስልክ 1-844-764-7669 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን 911 ይደውሉ።